ጄምስ ብሩስ

ጄምስ ብሩስ (ዲሴምበር 14 ቀን 1730 – ኤፕሪል 27 ቀን 1794) ከ1769 እስከ 1772 በኢትዮጵያ የቆየ የስኮትላንድ ተወላጅ ተጓዥና ጸሐፊ ነበረ። በዚህ ገጽ ያሉት ዘመናት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው። ብሩስ ይበልጥ የሚታወቀው የዓባይን ምንጭ ፍለጋ በአገው ምድር በኩል አድርጎ እስከ ግሽ ዓባይ በመጓዙ ነው። በጎንደር ቤተ መንግሥት ግን በቅድሚያ የታወቀው በሐኪምነቱ ነበር። ያጉቤ በሚል ስም የተጠራው ይህ ሰው የፈንጣጣ ሕሙማንን አስታመመ፤ የአገሩን መድኃኒት ዕፅዋት መዘገበ፤ ራሱም በጽኑ ታሞ የአገሬው ሰው በሰጠው ሥር ዳነ። ዋጊኖስ የተባለው ቁጥቋጦ በሳይንስ ስሙ ብሩሲያ አንቲዲሴንተሪካ የሚባለው በእርሱ ስም ነው።

ልጅነትና ትምህርት

ብሩስ የተወለደው በስኮትላንድ ስተርሊንግሻየር ውስጥ በምትገኘው የኪኔርድ ርስት ከባለርስት ቤተሰብ ነው። እናቱ የሞተችው እርሱ ገና ሕፃን ሳለ ነበር። በእንግሊዝ አገር በሃሮው ትምህርት ቤት ከተማረ በኋላ በኤዲንብራ ዩኒቨርሲቲ ሕግ ማጥናት ጀመረ፤ ነገር ግን ሙያውን አልወደደውም። በ1754 የአንድ የወይን ጠጅ ነጋዴ ልጅ የሆነችውን አድሪያና አለንን አገባ። ሙሽሪት በዚያው ዓመት በሳንባ ነቀርሳ ፓሪስ ላይ ሞተችበት። ከዚያ በኋላ ብሩስ በንግድ አልቆየም፤ ወደ ጉዞ፣ ወደ ጥንታዊ ፍርስራሾችና ወደ ምሥራቅ ቋንቋዎች ጥናት አዘነበለ። ዐረብኛና ግእዝ መማር የጀመረውም በእነዚህ ዓመታት ነው።

የሕክምና ዕውቀቱ

በ1763 ብሩስ የብሪታኒያ ቆንስል ሆኖ አልጀርስ ገባ። እዚያም ከቆንስላው የቀዶ ሕክምና ባለሙያ የሕክምናን መጀመሪያ ተማረ። ከአልጀርስ ተነሥቶ በሰሜን አፍሪካና በሶርያ ሲዘዋወር ደግሞ ሃሌብ ላይ ከዶክተር ፓትሪክ ራስል ጋር ተዋወቀ። ራስል ስለ ወረርሽኝ በጻፋቸው ሥራዎች የሚታወቅ ሐኪም ሲሆን፣ በምሥራቅ አገሮች የሚበዙትን በሽታዎች እንዴት ማከም እንደሚገባ ለብሩስ አስተማረው። ብሩስ የሐኪምነት ማዕረግ ኖሮት አያውቅም። ሆኖም የመድኃኒት ሣጥን ይዞ፣ ዐረብኛ እየተናገረ የሚጓዝ ሰው በየደረሰበት ሐኪም ተብሎ ይጠራ ነበር፤ በየገዥዎቹ ደጃፍ እንዲገባ ያስቻለውም ይኸው ነው።

ግብፅ የገባው በ1768 ነው። አብሮት ሉዊጂ ባሉጋኒ የተባለ የቦሎኛ ተወላጅ ጣሊያናዊ ሠዓሊ ነበረ። በዓባይ ላይ እስከ አስዋን፣ ከዚያም በቀይ ባሕር በጅዳ በኩል አድርገው በሴፕቴምበር 1769 ምጽዋ ደረሱ።

ብሩስ ስለ ቀይ ባሕር ጠረፍ በሽታዎች በጻፈው ክፍል የመጀመሪያውን ቦታ የሰጠው ለንዳድ ነው። ይህ ኃይለኛ ትኩሳት በሦስተኛው ቀን ሰው እንደሚገድል፣ አምስተኛውን ቀን ያለፈ በሽተኛ ግን ብዙ ጊዜ እንደሚተርፍ፣ የአገሩም ሰዎች ለሕመምተኛው ውሃ እያጠጡና ቀዝቃዛ ውሃ እያፈሰሱበት እንደሚያስታምሙት አስፍሯል። ከእነርሱ ዘዴ ጎን ለጎን እርሱ የሚታመነው በደቡብ አሜሪካው የኪና ዛፍ ቅርፊት ነበር። ኪኒን ከዚህ ቅርፊት ተለይቶ የወጣው ግን ከብሩስ ሞት በኋላ በ1820 ነው። ለመንገደኞች የሰጣቸው ምክሮች ቀላል ነበሩ፤ ከቆመ ውሃ ይልቅ ከሚፈስ ምንጭ መጠጣት፣ ከአልኮል መጠጥ ሁሉ መራቅ፣ በሚገባ የበሰለ ሩዝ በቅመም መብላት። ውሃና ምግብን ከበሽታ ጋር ያገናኘው ተሕዋስያን በሽታ እንደሚያመጡ ከመታወቁ መቶ ዓመት ያህል አስቀድሞ ነው።

የቁስቋም ፈንጣጣ

ብሩስ በፌብሩዋሪ 1770 ጎንደር ሲደርስ ዙፋኑ ላይ የነበሩት ወጣቱ ዓፄ ተክለ ሃይማኖት 2ኛ ሲሆኑ፣ ሥልጣኑ በእጃቸው የነበረው ግን የትግሬው ራስ ሚካኤል ስሑል ነበሩ። እቴጌ ምንትዋብ ከከተማው ወጣ ብሎ በሚገኘው የቁስቋም ግቢያቸው ተቀምጠው ነበር። በዚያ ወቅት ፈንጣጣ ከተማውን አዳርሶ ወደ እቴጌይቱ ግቢ ገብቶ ነበር፤ ከታመሙት ልጆች መካከልም የልጃቸው የወይዘሮ አስቴር ልጅ ክንፉ ይገኝበታል።

ሕክምናው መጀመሪያ የተሰጠው ለብሩስ አልነበረም። እርሱ እንደተረከው፣ ከዋልድባ የመጡና ለሃያ ዓመት እህል ውሃ አልቀመሱም የተባሉ አንድ ባሕታዊ በቆርቆሮ ሰሌዳ ላይ በቀለም ጽፈው፣ ጽሑፉን አጥበው ለሕሙማኑ ያጠጡ ነበር። ሞቱ አልቆም ሲል ብሩስ ተጠራ።

በዚያ ዘመን የፈንጣጣ ሕመምተኛ ነፋስ እንዳይነካው ተብሎ በተዘጋ ቤት ይቀመጥ፣ ብዙ ልብስ ይደረብበት፣ እሳት ይነድለት፣ ትኩስ ነገር ይጠጣ ነበር። ይህ የጎንደር ብቻ ልማድ አልነበረም፤ በአውሮፓም ለረጅም ጊዜ የኖረ ዘዴ ነው። የእንግሊዙ ሐኪም ቶማስ ሲደናም በ17ኛው መቶ ዘመን ሕመምተኛውን ማቀዝቀዝ ይሻላል ብሎ እስኪከራከር ድረስ የተቃወመው ጥቂት ሰው ነበር። ብሩስ ከራስል የተማረውን ይህንኑ መንገድ ተከተለ። በሮቹንና መስኮቶቹን አስከፈተ፤ ቤቶቹን አስጠረገ፤ በሞቀ ውሃና በኮምጣጤ አሳጠበ፤ በዕጣንና በከርቤም በደንብ አሳጠነ። ኮምጣጤው፣ ዕጣኑና ከርቤው ሁሉም ከአገር ውስጥ የተገኙ ነበሩ።

ከሕሙማኑ መካከል የሞቱ ነበሩ፤ ክንፉን ጨምሮ ሌሎቹ ዳኑ። ብሩስ ፈንጣጣን የሚያድን መድኃኒት አልነበረውም፤ ለዚህ በሽታ እንዲህ ያለ መድኃኒት በየትኛውም አገር አልነበረም። ያደረገው ነገር አየርና ንጽሕና መስጠት፣ ሕሙማኑም በሙቀት እንዳይታፈኑ ማድረግ ነበር። ውጤቱ ግን ለእርሱ ትልቅ ሆነ። እቴጌ ምንትዋብና ወይዘሮ አስቴር እስከ መጨረሻው ወዳጆቹ ሆኑ፤ እርሱም ባለሟል ተባለ፤ የፈረሰኛ ጓድ አዛዥነትና በሱዳን ጠረፍ ያለው የራስ ኤል ፊል ግዛት ተሰጠው።

ብሩስ ስለ ፈንጣጣ ሌላም ነገር መዝግቧል። በመልስ ጉዞው በስናር የሚኖሩ ሴቶች ፈንጣጣ መግዛት የሚሉት ልማድ እንዳላቸው አየ። እናቲቱ የታመመ ልጅ ወዳለበት ቤት ሄዳ በልጁ ክንድ ላይ ጨርቅ ታስራለች፤ ከልጁ እናት ጋርም ስንት ፍንጣሪ እንደምትገዛ ትከራከራለች፤ ከዚያ ጨርቁን ወስዳ በራሷ ልጅ ክንድ ላይ ታስረዋለች። ይህ ቀለል ባለ ሕመም ከከባዱ መከላከል ማለት ነው። ኤድዋርድ ጄነር በእንግሊዝ አገር የመጀመሪያውን የላም ፈንጣጣ ክትባት የሰጠው በ1796፣ ብሩስ ከሞተ ከሁለት ዓመት በኋላ ነው። ፈንጣጣ ከኢትዮጵያ የጠፋው በ1976 ሲሆን፣ ከዓለም መጥፋቱ በ1980 ታወጀ።

በአገው ምድር

ብሩስ ወደ ዓባይ ምንጭ ለመድረስ በ1770 የመጀመሪያ አጋማሽ ሞክሮ ጢስ ዓባይን አይቶ ተመለሰ፤ አገሩ በራስ ሚካኤልና በፋሲል መካከል በተደረገው ጦርነት ታውኮ ነበር። ሁለተኛውን ጉዞ የጀመረው በኦክቶበር መጨረሻ ነው። የዳሞት፣ የሜጫና የአገው ምድር ኃያል የነበረው ፋሲል በሰፈሩ ተቀበለው። ሲያሰናብተውም የራሱን ፈረስ ከነኮርቻውና ከነልጓሙ ሰጠው፤ እንዳይቀመጥበትና ባዶውን ከፊቱ እየነዳ እንዲሄድ ነገረው። ፈረሱን ያየ ሰው ሁሉ የፋሲል እንግዳ መሆኑን አውቆ አሳለፈው።

ኖቬምበር 4 ቀን 1770 ብሩስ ግሽ ደረሰ። ሥፍራው ዛሬ ከአዊ ዞን ጋር በሚዋሰነው በሰከላ ወረዳ ውስጥ ነው። ወደ ምንጩ ሲቀርብ የአካባቢው ሰዎች ቦታው የተቀደሰ ነውና ጫማህን አውልቅ አሉት፤ አወለቀ። የምንጩ ጠባቂ ክፍለ ዓባይ የሚባሉ ሽማግሌ ነበሩ፤ ብሩስም በእርሳቸው መስተንግዶ ለጥቂት ቀናት ተቀመጠ። ግሽ ዓባይ ዛሬም ምእመናን ለፈውስ የሚሄዱበት የታወቀ ጠበል ነው።

ስለ ዳሞት አገው ሕዝብ የጻፈው ክፍል ከመጽሐፉ ጠቃሚ ምዕራፎች አንዱ ነው። አገዎች በሙሉ ኃይላቸው ሲወጡ እስከ 4,000 ፈረሰኛ ሊያሰልፉ እንደሚችሉ፣ የጎንደር ከተማም በከብት፣ በማር፣ በቅቤ፣ በሰምና በቆዳ የምትኖረው በእነርሱ መሆኑን ገልጿል። እስከ 1,000 እና 1,500 የሚደርሱ ሰዎች በአንድ ጊዜ ሸክማቸውን ይዘው ወደ ጎንደር ይገቡ ነበር። ቅቤው ያን ያህል መንገድ ሲጓዝ ለምን እንደማይቀልጥና እንደማይበላሽ ጠይቆ ያገኘው መልስ መቅመቆ ነበር። ካሮት የሚመስለውን የዚህን ተክል ቢጫ ሥር በጥቂቱ ከቅቤው ጋር ይቀላቅሉት ነበር። መቅመቆ በኢትዮጵያ ገበያዎች ዛሬም ለቅቤ ማንጠሪያም ለመድኃኒትም የሚሸጥ ሲሆን፣ የብሩስ ማስታወሻ ስለዚህ አጠቃቀም ከተጻፉት ቀደምት ምስክሮች አንዱ ነው።

ብሩስ መኃልየ መኃልይን ወደ አማርኛ፣ ወደ ጋፋትኛ፣ ወደ ዳሞት አገው ቋንቋና ወደ ሌሎች ቋንቋዎች አስተርጉሞ ወስዷል። የዳሞት አገው ቋንቋ ዛሬ አዊኛ የሚባለው ነው። ጋፋትኛ ከጠፋ በኋላ ይህ ጽሑፍ ለቋንቋው ጥናት ዋና ምንጭ ሆኗል።

ዋጊኖስ

ሠዓሊው ባሉጋኒ በ1771 ጎንደር ላይ በተቅማጥ ሕመም ሞተ። ብሩስ ይዞት የመጣው የመድኃኒት ሣጥን ሊያድነው አልቻለም። ብሩስ ራሱ በዲሴምበር 1771 መጨረሻ ከጎንደር ወጥቶ በ1772 መጀመሪያ ራስ ኤል ፊል ሲደርስ በዚያው ዓይነት ሕመም ተያዘ። የያዛቸው የአውሮፓ መድኃኒቶች አልሠሩለትም። የአገሬው ሰዎች የዋጊኖስን ሥር ቅርፊት አድርቀውና ፈጭተው በወተት ሰጡት። ዳነ።

ዋጊኖስ በኢትዮጵያ ደጋና ወይና ደጋ፣ በጎጃምም ጭምር የሚበቅል ቁጥቋጦ ወይም ትንሽ ዛፍ ነው። በአገር ባህል ሕክምና ለተቅማጥ፣ ለቁስልና ለቆዳ በሽታ ሲሠራበት የኖረ ሲሆን፣ መራራነቱ የታወቀ ነው። ብሩስ ዘሩን ይዞ ሄዶ በለንደን አጠገብ ባለው በኪው የዕፅዋት አትክልት ቦታ ተዘራ። የዕፅዋት ሊቁ ጆሴፍ ባንክስ ተክሉ በብሩስ ስም እንዲጠራ አደረገ። መድኃኒቱን የሰጡት ሰዎች ስም ግን አልተመዘገበም።

ኮሶ

ብሩስ በሰፊው የጻፈበት ሌላው መድኃኒት ኮሶ ነው። ኢትዮጵያውያን ጥሬ ሥጋ ስለሚበሉ የኮሶ ትል እንደሚይዛቸው፣ ወንዱም ሴቱም በየወሩ ኮሶ እንደሚጠጡ፣ የደረቀው አበባ ሌሊቱን በመጠጥ ተዘፍዝፎ ጠዋት እንደሚወሰድ ገልጿል። ከአገር ርቆ የሚሄድ ሰውም መድኃኒቱን እንዳያጣ ይሰጋ እንደነበር አስተውሏል። ለዛፉ የሰጠው ስም የባንክስን ክብር የሚያስታውስ ነበር፤ ይሁንና ያ ስም ለአውስትራሊያ ተክል አስቀድሞ ስለተሰጠ አልጸናም፤ ዛፉ አሁን ሃጌኒያ አቢሲኒካ ይባላል። ኮሶ በ19ኛው መቶ ዘመን ወደ አውሮፓ መድኃኒት ቤቶች ገብቶ ለብዙ ዓመታት ተሸጧል። መጠኑ ሲበዛ እንደሚመርዝና ለነፍሰ ጡር እንደማይሰጥ በአገር ቤትም የታወቀ ነገር ነው። በኋላ እንደ ኒክሎሳማይድና ፕራዚኳንቴል ያሉ ክኒኖች በአብዛኛው ቦታውን ወስደዋል።

የመልስ ጉዞና የጊኒ ዎርም

ብሩስ በስናር አድርጎ የኑቢያን በረሃ አቋርጦ በኖቬምበር 1772 መጨረሻ አስዋን ደረሰ። በእግሩ ውስጥ የጊኒ ዎርም ገብቶበት ነበር። የዚህ በሽታ ጥንታዊ ሕክምና ትሉ ብቅ ሲል ጫፉን በትንሽ እንጨት ላይ እየጠቀለሉ በየቀኑ ጥቂት በጥቂት ማውጣት ነው። ካይሮ ላይ ይህ በአግባቡ ሲደረግለት ከቆየ በኋላ በመርከብ ላይ ያገኘው የቀዶ ሕክምና ባለሙያ በችኮላ በጠሰው። እግሩ አበጠ፤ በ1773 ማርሴይ ሲገባ መራመድ አይችልም ነበር። ቁስሉን ለመፈወስ ብዙ ሳምንታት ተሠቃየ፤ በኋላም በቦሎኛ አካባቢ ወደሚገኘው የፖሬታ ፍል ውሃ ሄደ። በእንጨት እየጠቀለሉ ማውጣት ዛሬም ትሉን ለማስወገድ የሚሠራበት መንገድ ነው፤ ኢትዮጵያም በሽታውን ለማጥፋት የምትሠራው በዋናነት የመጠጥ ውሃን በማጣራትና በመጠበቅ ነው።

መጽሐፉና የገጠመው ጥርጣሬ

በ1774 ለንደን ሲገባ ብሩስ በንጉሡ በጆርጅ 3ኛ ፊት ቀረበ፤ በ1776ም የሮያል ሶሳይቲ አባል ሆነ። ሆኖም ስለ ኢትዮጵያ የተናገረውን ብዙዎች አላመኑትም፤ በተለይ ከቆመች ላም ሥጋ ተቆርጦ ሲበላ አየሁ ማለቱ መሳቂያ አደረገው። ደራሲው ሳሙኤል ጆንሰን ከተጠራጣሪዎቹ አንዱ ነበር። ብሩስ አኩርፎ ወደ ኪኔርድ ተመለሰ። በ1776 ሜሪ ዳንዳስን አገባ፤ እርሷም በ1785 ሞተች። የጉዞ መጽሐፉን በአምስት ትልልቅ ቅጾች ያሳተመው በ1790 ነው፤ የዕፅዋትና የእንስሳት ታሪክ የሚገኘው በአምስተኛው ቅጽ ነው። በኤፕሪል 1794 አንዲት እንግዳ ወደ ሠረገላዋ ሊሸኝ ሲል ከቤቱ ደረጃ ላይ ወድቆ በማግስቱ ሞተ።

ከኢትዮጵያ ያመጣቸው የግእዝ ብራናዎች፣ በተለይም የመጽሐፈ ሄኖክ ቅጂዎች፣ በአውሮፓ ለኢትዮጵያ ጥናት መሠረት ሆነዋል። ከእርሱ በኋላ የሄዱ ተጓዦች ከተናገረው አብዛኛው እውነት መሆኑን አረጋግጠዋል። ሁለት ወቀሳዎች ግን ጸንተው ቀርተዋል። አንደኛው፣ የዓባይን ምንጭ በቅድሚያ ያየ አውሮፓዊ እኔ ነኝ ማለቱ ነው፤ ኢየሱሳዊው ፔድሮ ፓኤዝ በ1618 ግሽን አይቶ ነበር፤ የአገው ሰዎች ደግሞ ምንጩን ከጥንት ጀምረው ሲጠብቁት ኖረዋል። ሁለተኛው፣ ባሉጋኒ አብሮት ግሽ መድረሱን በመጽሐፉ አለመጥቀሱና የሥዕሎቹን ክብር ለራሱ ማድረጉ ነው። የባሉጋኒ የዕፅዋት ሥዕሎች ዛሬ በአሜሪካ በዬል ዩኒቨርሲቲ የብሪታኒያ ሥነ ጥበብ ማዕከል ይገኛሉ።

የዋጊኖስ ቀጣይ ታሪክ

የዋጊኖስ ስም በአውሮፓ አንድ አደገኛ ስሕተት ገጥሞታል። በ19ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ አንጎስቱራ ከተባለው የደቡብ አሜሪካ መድኃኒት ጋር ተቀላቅሎ የተሸጠ ቅርፊት ሰዎችን መረዘ። ሐኪሞች መርዘኛው ቅርፊት የብሩስ ተክል ነው ብለው ገመቱ። በ1819 ፈረንሳውያኑ ፔልቲየና ካቫንቱ ከቅርፊቱ መርዝ ሲለዩ ብሩሲን ብለው የሰየሙት በዚህ ግምት ነው። በኋላ እንደታወቀው ቅርፊቱ የእስያው የስትሪክኒን ዛፍ ነበር፤ በዋጊኖስ ውስጥ ብሩሲን የለም። ስሙ ግን እስከ ዛሬ አልተለወጠም።

በ1973 ደግሞ ሞሪስ ኩፕቻን የተባለ አሜሪካዊ ኬሚስትና ባልደረቦቹ ከዋጊኖስ ብሩሲያንቲን የተባለ ንጥረ ነገር ለዩ። ንጥረ ነገሩ በላቦራቶሪ በደም ካንሰር ላይ ኃይለኛ ሆኖ ስለተገኘ በሰዎች ላይ ተሞከረ። በሕሙማን ላይ የሚጠበቀው ውጤት ባለመታየቱ ሙከራው በ1980ዎቹ መጀመሪያ ተቋረጠ፤ በላቦራቶሪ የሚደረገው ምርምር ግን ከዚያ በኋላም ቀጥሏል።